የሰርግ ምግብና መጠጥ ወጪ ሳያሳፍር እንዴት ይቀነሳል

መጀመሪያ አንድ ነገር ላይ እንስማማ፣ ሰርግ ላይ ወጪ ቀንሱ ሲባል ሰው ቶሎ የሚሮጠው ወደ ወጡ ነው። ዶሮው ይቅር፣ ቅቤው በዘይት ይተካ፣ ክትፎው ምን ያደርጋል ምናምን። ከዛ እንግዳው "ወጡ ግን ምንም አይልም" እያለ ይሄዳል፣ ብሩም እንደዛው ያልቃል። ምክንያቱም ብሩን የሚበላው ለማይመጣ ሰው ተሠርቶ የሚደፋው፣ በጓዳ በር ማንም ሳያየው የሚወጣው ሥጋ፣ ሁለቴ ተጎንጭቶ ጠረጴዛ ስር የሚቀረው ቢራ ነው። እኛ ቤት ሰርግ ሲኖር "ጓዳውን አንተ ያዝ" የምባለው እኔ ስለሆንኩ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከጓዳ በኩል የታየ ነው፣ የዲኮርና የቬሎ ነገር አትጠይቁኝ። ዋጋም አልጽፍም፣ ዛሬ የጻፍኩት ለጥር አይሠራም። መጠኑን እነግራችኋለሁ፣ የሰሞኑን ዋጋ እናንተ አባዙበት።

ቀን ስትቆርጡ ገበያውንም አስቡ

ከጥምቀት ጀምሮ ሁዳዴ እስኪገባ፣ ከዛ ደሞ ፋሲካ ካለፈ በኋላ አዲስ አበባ ሙሉ ይደግሳል። በሬው፣ ሽንኩርቱ፣ አዳራሹ፣ ወጥ ሠሪዋ ሳትቀር ዋጋቸው አንድ ላይ ይሰቀላል። ጥቅምትን ግን ሰው ይረሳዋል። የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15 ነው፣ ስለዚህ ጥቅምት ላይ ሥጋ ማቅረብ ይቻላል፣ አዳራሽም እንደ ጥር ተሻምታችሁ አትይዙም፣ ክረምቱ ገና ስላለፈ ሳሩ አለ፣ ወተቱም ቅቤውም ደህና ይገኛል። ጾመ ጽጌ የፈቃድ ጾም ቢሆንም የሚጾሙት እናቶች ብዙ ስለሆኑ በዛ ሰሞን ከደገሳችሁ የጾሙን ወጥ ጨመር አድርጉ፣ በቃ።

ሌላው በዓለ ሃምሳ ነው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና አርብም ስለማይጾም ግብዣውን ከቅዳሜና እሁድ አውጥቶ በአዘቦት ቀን ማታ ማድረግ ይቻላል። አዳራሾቹ ለአዘቦት ቀን ሲጠየቁ ይደራደራሉ፣ በዛ ላይ በሥራ ቀን ማታ ትራፊኩን ተጋፍቶ የሚመጣ ሰው የእውነት የሚወዳችሁ ሰው ነው፣ የጎረቤት የአጎት ልጅ ጓደኛ አይመጣም።

ቀኑ ሚያዝያ ወይ ግንቦት ከሆነ ደግሞ ቅቤውን በሁዳዴ ግዙት። ጾም ላይ ፈላጊ ስለሌለው ይረክሳል፣ የፋሲካ ሳምንት ከሚሸጠው ጋር አይገናኝም። ገዝታችሁ ወዲያው ይነጠር፣ በደንብ የተነጠረ ቅቤ እስከ ሰርጉ ምንም አይሆንም። በርበሬም እንደዛው፣ ዛላውን ቀደም ብሎ ገዝቶ ማስቀንጠስና ማስፈጨት ከተፈጨው ይረክሳል ብቻ ሳይሆን ምን እንደተቀላቀለበት ታውቃላችሁ።

ቁጥሩ ላይ ነው ዋናው

እኛ ሀገር ሰው መጥሪያ ተቀብሎ "ያድርሰን" ይላል እንጂ "አልመጣም" አይልም፣ ነውር ነው። ስለዚህ የመጥሪያ ቁጥርና የእንግዳ ቁጥር ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ዝርዝሩን በደብተርም ይሁን በኤክሴል ያዙት፣ ግን ከስሙ ጎን ሦስት ነገር ጻፉ፦ ስንት ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ሙስሊም ነው ወይስ ክርስቲያን፣ ይጠጣል አይጠጣም። ይሄን እናንተ አታውቁትም፣ እናታችሁ ወይ ታላቅ አክስታችሁ ግን "እሱማ ከነልጆቹ ነው፣ እሷ ካሜራው ፊት ታይታ ትሄዳለች እንጂ አትበላም" እያሉ በአንድ ምሽት ይጨርሱላችኋል።

ከሰርጉ 10 ቀን ሲቀረው ሙሽሮቹ ሳይሆኑ አንድ ጨዋታ የሚያውቅ ዘመድ "መጥሪያው ደርሶዎታል ወይ?" በሚል ሰበብ ይደውል። ማንም "አልመጣም" አይለውም፣ ግን "እንዴ! መቼ ነበር ቀኑ?" ያለው ሰው እንደማይመጣ ይታወቃል። እኔ አዲስ አበባ ላይ 300 ከተጠራ ለ250 ነው የማሠራው። ክፍለ ሀገር ከሆነ ግን ይሄን እርሱት፣ እዛ 300 ጠርታችሁ 400 ሊመጣ ይችላል።

የሴት ወገን ለብቻ፣ የወንድ ወገን ለብቻ፣ ከዛ መልስ፣ ከዛ ቅልቅል እየተባለ አንዱ ዘመድ አራት ጊዜ ይበላል። ሁለቱ ቤተሰብ አንድ አዳራሽ ላይ በጋራ ከደገሱ የሚቀነሰው ወጪ ከታች ከምጽፈው ከማንኛውም ነገር ይበልጣል። ሽማግሌዎቹ ቀን ሲቆርጡ ነው መነሳት ያለበት፣ በኋላ ሲነሳ ቅያሜ ያመጣል። መልሱን ደሞ እቤት፣ ለቅርብ ቤተሰብ ብቻ፣ ከሰርጉ በተረፈው ሥጋ ማድረግ ይቻላል፣ ማንም አይቀየምም፣ እንዲያውም ሰው ደክሞታል።

ሆቴል ከሆነ

የሚነግሯችሁን ዋጋ አትመኑ ማለቴ አይደለም፣ ግን "ፕላስ ፕላስ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። በሰው 1000 ብር ካሏችሁና ሰርቪስ ቻርጅ 10% ከሆነ 1100 ይሆናል፣ በሱ ላይ 15% ቫት ሲሰላ 1265 ብር ነው። ለ250 ሰው ልዩነቱ ብቻ 66,250 ብር ነው፣ እኔ የማውቃቸው ሰዎች ይሄን ያወቁት የመጨረሻውን ሂሳብ ሲከፍሉ ነው። ሁለተኛ፣ ውል ላይ የምትፈርሙበት የሰው ቁጥር ባይመጣም የሚከፈልበት ነው፣ ስለዚህ ዝቅ አድርጋችሁ ፈርሙና "ከዚህ ካለፈ እስከ 10% ድረስ በዛው ዋጋ ታቀርባላችሁ" የሚል አስገቡበት። ሦስተኛ፣ መጠጥ ከውጭ ማስገባት ይቻላል ወይ፣ ኮርኬጁስ (መጠጥ ከውጭ ስታስገቡ የሚያስከፍሏችሁ) በጠርሙስ ነው ወይስ በጥቅል? በጥቅል ከሆነ ተስማሙ፣ በጠርሙስ ከሆነ ቁጭ ብላችሁ አስሉት፣ አንዳንዴ ከነሱ መግዛት ይሻላል። የልጆች ዋጋም አለ፣ ካልጠየቃችሁ ግን ማንም አይነግራችሁም።

እቤት ወይ ግቢ ወይ የቀበሌ አዳራሽ ላይ ለምትደግሱ ደሞ ዕቃ ከመከራየታችሁ በፊት ዕድራችሁን ጠይቁ። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ትልልቁ ድስት፣ ሳህኑ የዕድሩ ነው፣ ለአባል የሚያከራይበት ዋጋ ከዕቃ አከራይ ጋር አይወዳደርም። ሰው ዕድርን ለሐዘን ብቻ የሚያስበው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ዶሮው

ዶሮ ወጥ አትተዉ። ሰው ከሰርግ ሲመለስ የሚያወራው ስለሱ ነው። ይልቅ በቁጥር ሥሩት። አንድ ዶሮ 12 ብልት ይወጣዋል፣ የሚመጣው 250 ሰው ከሆነ የሙስሊሞቹን ገበታና ትንንሽ ልጆችን አውጡና 200 ይቀራል፣ 200 ለ12 ሲካፈል 17 ዶሮ። 17 ዶሮ ብቻ! ሰው ግን "ለ250 ሰው" ሲባል ደንግጦ 40 ይገዛል። እንቁላሉ ለሁለት ከተከፈለ 100 ይበቃል። ሽንኩርት ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎ ብትሉ 34 ኪሎ ነው፣ ሽንኩርቱ ላይ ግን አትሰስቱ፣ ወጡን የሚያበዛውና የሚያወፍረው እሱ ነው።

ይሄ ሂሳብ የሚሠራው ግን ዶሮውን ሰው ራሱ ካላነሳ ብቻ ነው። ቡፌ ላይ ሁሉንም ክፍት አድርጉት፣ የዶሮው ድስት ጋ ግን ጭልፋውን የያዘች አንዲት እናት ትቁም፣ ፈገግተኛ ትሁን ግን ቆራጥ ትሁን። አንድ ብልት፣ ግማሽ እንቁላል፣ መረቁን ደግሞ እንደፈለጉ። ሰው ከእናት እጅ ሲቀበል "ሌላ ጨምሪልኝ" ለማለት ያፍራል፣ ራሱ ሲያነሳ ግን ሁለት ፈረሰኛ አንስቶ ዞር ይላል። ይሄ ስስት አይደለም፣ መጨረሻ ላይ የሚሰለፉት አጃቢዎችና ሹፌሮች ባዶ ድስት እንዳያዩ ነው።

የትኛው ዶሮ ለሚለው፣ የሐበሻው ይጣፍጣል ግን ውድ ነው፣ ለሥጋ የሚረባው የፈረንጅ ዶሮ ደሞ ትልቅ ድስት ውስጥ ብዙ ሰዓት ሲቆይ ይፈርሳል፣ ብልቱ ከአጥንቱ ተላቆ ወጡ ይበጠበጣል። መሀል ላይ ያለው መላ እንቁላል መጣል ያቆሙት የእርባታ ዶሮዎች ናቸው፣ ሥጋቸው ጠንከር ያለ ስለሆነ ቁሌቱን ይችላል፣ ዋጋቸውም ደህና ነው። እርባታ ያለው ሰው ቀድማችሁ ካናገራችሁ ሙሉውን ቁጥር አንዴ ይሰጣችኋል።

ወጥ ሠሪዋ ዝርዝር ስትሰጣችሁ እንዳለ አትግዙት። ክፉ ሆና አይደለም፣ ቢጎድል የምትወቀሰው እሷ ስለሆነች ሁሉንም ከፍ አድርጋ ነው የምትጽፈው። ቁሌቱ በዘይት ይብሰል፣ ቅቤው መጨረሻ አካባቢ ይግባ፣ ሽታው የሚቀረው ያኔ ነው። የእጇን ዋጋ ግን አትከራከሯት፣ ጎበዝ ሙያተኛ ያበላሸችው ወጥ የለም፣ የተበላሸ ወጥ ደሞ ከሷ ደሞዝ በላይ ያስከፍላል።

በሬ መግዛት አለባችሁ?

ከ150 ሰው በታች ከሆነ አይመስለኝም። ለአንድ ሰው 200 ግራም ንጹህ ሥጋ ብትይዙ ለ150 ሰው 30 ኪሎ ነው፣ እሱን ከልኳንዳ በጅምላ ተደራድሮ መግዛት ይቀላል። መካከለኛ የሐበሻ በሬ ከነአጥንቱ ከ100 እስከ 150 ኪሎ ሥጋ ይሰጣል፣ 120 ብትሉት ለ250 ሰው በነፍስ ወከፍ ግማሽ ኪሎ አካባቢ መሆኑ ነው፣ ዶሮ ባለበት ሰርግ ላይ ይሄ ራሱ ከበቂ በላይ ነው። ሁለት በሬ የሚጥሉት ለፎቶ ነው ብዬ አምናለሁ።

በሬ ከገዛችሁ የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ ሸጎሌም ካራም አቃቂም ብትሄዱ ደላላው ፊታችሁን አይቶ ነው ዋጋ የሚጠራው። የቁም ክብደቱ ግማሽ ያህሉ ነው ሥጋ ሆኖ የሚወጣው፣ ሆዱ የተነፋውን አይታችሁ አትደነቁ፣ ጀርባውንና ታፋውን እዩ። ደግሞ በሬው ለእናንተ ከበዛ ግማሹን ለጎረቤት ቅርጫ አድርጉት! ፍስክ ሰሞን ስለሆነ እሁድ እቤቱ ሥጋ የማይፈልግ ጎረቤት የለም፣ አራት መደብ ብታወጡ የበሬው ዋጋ ጥሩ ቁራጭ ተመለሰላችሁ። እርዱ በቄራ ወይ ሐኪም ባየው ቦታ ይሁን፣ በተለይ ጥሬ ሥጋ ከቀረበ።

ስለ ጥሬ ሥጋው ትንሽ ላውራ ምክንያቱም ትልቁ ቀዳዳ እሱ ነው። ሥጋው ይሰቀላል፣ ቆራጩ ቢላውን ስሎ ይቆማል፣ ድግሱ ገና ሳይከፈት የሙሽራው ጓደኞች ስድስት ሆነው ይከቡታል፣ አንዱ ሳህን ይዟል፣ አንዱ "ከሻኛው በናትህ" ይላል፣ ቆራጩ ደሞ ጉርሻ እየተሰጠው ነው፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሻኛውና ታናሹ የለም፣ ሽማግሌዎቹ ሲደርሱ የተረፈው ጅማት ነው። የተሰቀለውን ተዉና ያው ቆራጭ ከመጋረጃ ጀርባ እየቆረጠ በትንንሽ ሳህን ከአዋዜና ከሚጥሚጣ ጋር ወደ ጠረጴዛ ይውጣ፣ ያውም ቡፌው ግማሽ ከደረሰ በኋላ፣ ሰው ጠግቦ የሚበላው ቁርጥና ርቦት የሚበላው ቁርጥ አንድ አይደለም። ጓዳው ውስጥ ደሞ ዘመድ የሆነ፣ ሰው የሚፈራው አንድ አጎት ሥጋው አጠገብ ወንበር ይሰጠው። ምንም አይሠራም፣ ዝም ብሎ ይቀመጥ።

ስለ ሙስሊም እንግዶች፣ እዚህ ላይ ለመቆጠብ አትሞክሩ። ቁጥራቸውን ከዝርዝሩ ታውቃላችሁ፣ 20 ሰው ከሆነ አንድ በግ ይበቃል፣ ሙስሊም ጎረቤት ወይ ጓደኛ አርዶ በራሳቸው ድስት ይሠራ፣ ገበታው ለብቻው በግልጽ ይቀመጥ። በቁጥር ስላወቃችሁት ብቻ ወጪው ግማሽ ይሆናል።

የጾሙን ቡፌ አታሳንሱት። ፍስክ ቀን ቢሆንም ምስሩን፣ ክኩን፣ ጎመኑን፣ ፎሶሊያውን፣ ቀይ ስሩን ሁሉም ሰው ያነሳል፣ ሳህኑን የሚሞላው ረከስ ያለው ነገር ከሆነ ውዱ ላይ ጫናው ይቀንሳል። ስለዚህ ሰልፉ ሲጀምር ጾሙና ሰላጣው ይቅደም፣ ዶሮና ሥጋው መጨረሻ ላይ ይሁን። እንጀራው ለሁለት ተቆርጦ ተጠቅልሎ ይቅረብ፣ ሙሉ እንጀራ ያነሳ ሰው ግማሹን ነው ትቶት የሚሄደው። በሰው አንድ ተኩል እንጀራ እይዛለሁ፣ ከጋጋሪዋ ጋር ደሞ ግማሹን ጠዋት ግማሹን እኩለ ቀን ላይ አምጪ ብላችሁ ተነጋገሩ።

መጠጥ

ጠጅና ጠላ በቤት መጣል አሁንም ዋጋው ያዋጣል፣ ቦታና ጊዜ ካላችሁ። 10 ኪሎ ማር በ30 ሊትር ውሃ ከ100 ብርሌ በላይ ጠጅ ይሆናል፣ ለዚህ ነጭ ማር አያስፈልግም፣ ሰፈፉ ያልወጣለት ቢጫው ይበቃል። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ስጡት። ኮንዶሚኒየም ያላችሁ ጋን የምታስቀምጡበት ስለሌላችሁ አንዲት አክስት ቤት ይጣል፣ ከሚገዛ ጠጅማ ይሻላል፣ የሚሸጠው ላይ ብዙ ጊዜ ስኳሩ ከማሩ ይበዛል። ከማሩ ትንሽ አስቀርታችሁ ደሞ ብርዝ አድርጉ፣ ለማይጠጡት፣ ለልጆቹ፣ መኪና ለሚነዱት፣ የለስላሳውን ቁጥር በደንብ ይቀንሰዋል።

ለቢራው የሚጠጣውን ሰው ብቻ ቁጠሩ። 120 ሰው በሦስት ጠርሙስ 360 ነው፣ ሳጥኑ 24 ስለሚይዝ 15 ሳጥን። ለስላሳ ለ250 ሰው ሁለት ሁለት 21 ሳጥን። ድራፍት ከመረጣችሁ የ50 ሊትር በርሜል በሂሳብ 6 ሳጥን ቢራ ነው፣ አረፋውና መቅጃ ላይ የሚፈሰው ግን አለ፣ መቅዳት የሚያውቅ ልጅ ከሌለ አትሞክሩት። ከአከፋፋዩ ጋር "ያልተከፈተ ሳጥን ይመለሳል" የሚለውን በጽሑፍ ተስማሙ፣ ከዛ በኋላ ትርፍ ብታዙም አትፈሩም። የተከፈተ በርሜል ግን አይመለስም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ድራፍቱ ይለቅ፣ ጠርሙሱ በኋላ ይግባ።

አስተናጋጆቹ እንዲቀልላቸው አንድ ጠረጴዛ ላይ ስምንት ቢራ ከፍተው ደርድረው ይሄዳሉ። ግማሹ ሞቆ ይቀራል። መክፈቻ ለሁለት ሰው ብቻ ስጡ፣ በጠየቀው ልክ ይከፈትለት፣ ቆርኪው ደግሞ መሬት አይጣል፣ ባልዲ ውስጥ ይግባ። ማታ ሂሳብ ሲመጣ አስተማማኙ ቆርኪው ነው፣ ባዶ ጠርሙስ ሰው ከቦታ ቦታ ስለሚያዘዋውረው አንዱ ሳጥን ሁለቴ ይቆጠራል። ሆቴልም ቢሆን ከእናንተ ወገን አንድ ሰው ከካሸሩ ጋር በየሰዓቱ ይቁጠር፣ ሌሊት ሁሉም ሰክሮ አብቅቶ አይደለም።

ውስኪ በየጠረጴዛው አታስቀምጡ። የሚፈልግ ሰው ባሩ ጋ ሄዶ ይቀዳለት። ጠርሙሱ ጠረጴዛ ላይ ካለ የማይጠጣውም ይጠጣል፣ የቀረውን ደሞ በኮት ውስጥ ይዞት የሚሄድ አይጠፋም። ውሃም ግማሽ ሊትሯን ሃይላንድ ለሁሉም ከማደል ሁለት ሊትሩን ከብርጭቆ ጋር ማስቀመጥ፣ ግማሽ ሊትሯን ሰው ከፍቶ ረስቷት ሌላ ነው የሚያነሳው። ኬክ ደሞ ባለ አምስት ፎቁ ለፎቶ ነው፣ ታችኛው እውነተኛ ሆኖ የላይኞቹ ክሬም የተቀባ የማይበላ ስፖንጅ ይሁኑ፣ ኬክ ቤቶች ሁሉ ይሠሩታል።

ምግብ ሲተርፍ ማታውኑ ከፋፍሉት። ክዳን ያለው ዕቃ ቀድማችሁ አዘጋጁ፣ ወጡ ለቅርብ ዘመድ፣ የጾሙና እንጀራው ደጀ ሰላም ላሉ ነዳያን፣ ክትፎና ጥሬው ግን ዋል አደር ካለ አይሰጥም። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ሁሉም ተኝቶ እያለ አንድ ሰው ባዶ ጠርሙሶቹን ቆጥሮ ከነሳጥኑ ለአከፋፋዩ ይመልስ፣ የማስያዣው ብር የሚመለሰው የጠርሙሱ ቁጥር ሙሉ ሲሆን ነው፣ ሁለት ቀን ግቢ ውስጥ ከቆየ የሰፈር ልጆች ከእናንተ ቀድመው ይመልሱታል።